ታሞክሲፈናቸውን ያቆሙት እናት፦ ስለ ካንሰርና ስለ ተቀባይ ፕሮቲኖች ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ወደምሠራበት ፋርማሲ መጡ። በእጃቸው ታሞክሲፈን የሚባለውን የጡት ካንሰር ኪኒን እሽግ ይዘዋል። ከሁለት ወር በፊት ከእኛው የገዙት ነው። ግማሹ እንኳ አልተነካም። «ልጄ፣ ይሄን መልሳችሁ ትወስዱልኛላችሁ?» አሉኝ። ለምን እንደተዉት ጠየቅኳቸው። የእህታቸው ልጅ ቴሌግራም ላይ የተላከላትን ጽሑፍ አንብባላቸው ኖሯል። ኪኒኑ ራሱ ካንሰር ያመጣል ይላል።

ጽሑፉን አስልኬ አነበብኩት። ጸሐፊው ስማቸውን አልገለጹም። ሐሳባቸው ግን ግልጽ ነው። ሪሴፕተር ወይም ተቀባይ የሚባለው (ሴል ከውጭ የሚመጣን መልእክት የሚቀበልበት ፕሮቲን) የመድኃኒት ኩባንያዎች ገበያ ለመፍጠር ያመጡት ቃል ነው ይላሉ። ካንሰር ሁሉ አንድ ስለሆነ የተቀባይ ምርመራ ገንዘብ ማባከን ነው ይላሉ። ታሞክሲፈን የማህፀን ካንሰር ማምጣቱ ነገሩ ሁሉ ውሸት መሆኑን ያሳያል ይላሉ። የአፍሪካ ሴቶች ዕጢ ተቀባይ ስለሌለው ኪኒኑ ለእኛ አይሆንም ይላሉ። በመጨረሻም ስኳርና የእንስሳት ተዋጽኦ ትቶ ረዘም አድርጎ መጾም የእድገት ሆርሞኑን ስለሚያደርቀው መድኃኒት አያስፈልግም ይሉና «ኪኒናችሁን ዛሬውኑ አቁሙ» ብለው ይጨርሳሉ።

ከእነዚህ ውስጥ የተወሰኑት ግማሽ እውነት አላቸው። ያስፈራኝም እሱ ነው። ሙሉ ውሸት ቢሆን እኚያ እናት አይሰሙትም ነበር። ስለዚህ በየነጥቡ ልመልስ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተቀባይ የኩባንያ ፈጠራ ነው ከሚለው ልነሳ። ታሪኩ የሚጀምረው የካንሰር ኪኒን የሚባል ነገር ባልነበረበት ዘመን ነው። ጆርጅ ቢትሰን የሚባል የግላስጎው ቀዶ ሐኪም ነበር። ወተት እንዴት እንደሚመነጭ ሲያጠና አንድ ነገር ተረዳ። ኦቫሪዋ (የእንቁላል ማፍሪያዋ) የወጣ ላም ወተቷ ቶሎ አይነጥፍም። ከብት አርቢዎች ይህን ያውቁ ነበር። እንግዲህ ኦቫሪና ጡት በሩቁ ይነጋገራሉ ማለት ነው ብሎ አሰበ። ከዚያ የጡት ካንሰራቸው የጠናባቸውን ሴቶች ኦቫሪ አወጣ። ውጤቱን በ1896 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተመ። ዕጢያቸው የሟሸሸላቸው ሴቶች ነበሩ። በኋላ ሌሎች ሐኪሞችም ሞከሩት። የአንዳንዷ ዕጢ ይቀንሳል፣ የሌላዋ ንቅንቅ አይልም። ለምን እንደሆነ ከ60 ዓመት በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

መልሱ የመጣው ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ኤልውድ ጄንሰን የሚባል ተመራማሪ ኦቫሪ በሚያመነጨው ኢስትሮጅን በተባለ ሆርሞን ላይ በጨረር አመንጪ ሃይድሮጅን ምልክት አደረገበትና ለአይጦች ሰጠ። ሆርሞኑ በደም አማካይነት ወደ ሁሉም አካል ይደርሳል። ጡንቻ አላስቀረውም፤ አሳለፈው። ማህፀን ግን ይዞ አስቀረው። የያዘው ነገር ሲፈለግ ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ። ተቀባይ የምንለው እሱን ነው። የጥንቱ እንቆቅልሽም ተፈታ። ዕጢዋ ይህ ፕሮቲን ያለው ሴት ኢስትሮጅን ሲቋረጥባት ዕጢው ይዳከማል። የሌላት ሴት ዕጢ ኢስትሮጅን ኖረ አልኖረ ግድ የለውም።

ታሞክሲፈንም ቢሆን ለካንሰር ተብሎ የተሠራ አይደለም። በ1962 እንግሊዝ አገር አይሲአይ በተባለ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ዶራ ሪቻርድሰን የምትባል ኬሚስት ሠራችው። የታሰበው ለእርግዝና መከላከያ ነበር። ለዚያ አልሆነም። ለጡት ካንሰር እንግሊዝ ውስጥ የተፈቀደው በ1973 ነው። የባለቤትነት መብቱ ካበቃ ቆይቷል። ዛሬ ከካንሰር መድኃኒቶች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። ገበያ ለመፍጠር ተብሎ የተፈለሰፈ ቃል ይዞት የመጣ መድኃኒት አይደለም።

ካንሰር ሁሉ አንድ ነው የሚለውን ከላይ ያለው ታሪክ ራሱ ይመልሰዋል። ግን ትንሽ ልጨምር፤ ብዙ ሰው የምርመራ ወረቀቱን ይዞ ምን ማለት እንደሆነ ሳይነገረው ይመለሳልና።

ሴልን እንደ ግቢ አስቡት። ከውጭ መልእክት ይመጣል። እደግ፣ ተከፈል፣ ቁም ይላል። የሚቀበለው ዘበኛ ከሌለ መልእክቱ ከበር ይመለሳል። አንዳንዱ ዘበኛ አጥሩ ላይ ነው የሚቆመው። ሄር2 የሚባለው ተቀባይ እንደዚያ ነው። የኢስትሮጅን ተቀባይ ደግሞ እቤት ውስጥ ነው፤ ዲኤንኤው የተቀመጠበት ኒውክለስ ውስጥ። ኢስትሮጅን ከቅባት ወገን ስለሆነ የሴሉን ግድግዳ አልፎ ይገባል።

በጤነኛ የጡት ሴል ላይ ሄር2 በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። የሄር2 ጂን በተባዛበት የካንሰር ሴል ላይ ግን እስከ 2 ሚሊዮን ሊደርስ ይችላል። የዚህ ተቀባይ ጠባይ ይገርመኛል። የራሱ መልእክተኛ እስካሁን አልተገኘለትም። ከጎረቤቶቹ ጋር፣ በተለይ ሄር3 ከሚባለው ጋር፣ ተጣምሮ ነው የሚሠራው። ቁጥራቸው በዝቶ ሲተፋፈጉ ደግሞ እርስ በርሳቸው ይጣመራሉ። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው «እደግ» የሚለውን ትእዛዝ ወደ ውስጥ ይልካሉ። ዴኒስ ስላሞንና ባልደረቦቹ በ1987 ባሳተሙት ጥናት 189 የጡት ዕጢዎችን መርምረው ከሩብ በሚበልጡት ላይ ጂኑ ተባዝቶ አገኙት። የእነዚያ ሴቶች በሽታ ቶሎ የሚያገረሽ ነበር። ትራስቱዙማብ፣ በገበያ ስሙ ሄርሴፕቲን፣ ሄር2 ላይ የሚጣበቅ አንቲቦዲ (የመከላከያ ፕሮቲን ዓይነት) ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1998 ተፈቀደ። ሄር2 የበዛበትን ካንሰር ታሪክ ለውጦታል። ሄር2 በሌለው ዕጢ ላይ ግን አይረዳም። ካንሰር ሁሉ አንድ ቢሆን ኖሮ ይህ ልዩነት ከየት ይመጣ ነበር?

ጸሐፊው ሄርሴፕቲን ውድ ነው ማለታቸውም ልክ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የገባው በ2015 ነው። ዝርዝር ውስጥ መግባቱ ብቻ ደግሞ በየሰው እጅ አያስገባውም። በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አብሬ እጮሃለሁ። ነገር ግን ውድ መሆኑ ውሸት አያደርገውም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። እኚያን እናት ኪኒን ያስተዋቸው ይሄ ነው።

ታሞክሲፈን የማህፀን ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። እውነት ነው። እሽጉ ውስጥ ያለው ወረቀትም ይላል። እኔም መድኃኒቱን ስሰጥ እናገራለሁ። ጸሐፊው ግን ከዚህ ተነስተው ነገሩ እርስ በርሱ ይጋጫል አሉ። ጡት ላይ ኢስትሮጅንን የሚያግድ ነገር እንዴት ማህፀን ላይ እንደ ኢስትሮጅን ይሆናል? ስለዚህ ተቀባይ የሚባለው ተረት ነው አሉ። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። ሳይንቲስቶችም ለዓመታት የጠየቁት ነው። መልሱ ግን ጸሐፊው ከጠበቁት በተቃራኒ ነው።

ተቀባዩ ብቻውን ምንም አያደርግም። ኢስትሮጅን ሲይዘው ቅርጹ ይለወጣል። በአንድ ጎኑ ትንሽ ስርጓዳ ቦታ ይፈጠራል። እዚያ ላይ ረዳት ፕሮቲኖች መጥተው ይጣበቃሉ። ተቀባዩ ጂኑ እንዲነበብና ሴሉ እንዲከፈል የሚያደርገው ከእነዚህ ረዳቶች ጋር ሆኖ ነው። ታሞክሲፈን ኢስትሮጅን በሚቀመጥበት ቦታ ይቀመጣል። ግን ረጅም የጎን ቅርንጫፍ አለው። ያ ቅርንጫፍ እንደ ክዳን መግጠም የነበረበትን የተቀባዩን ክፍል ይገፋዋል። የተገፋው ክፍል ሄዶ ረዳቶቹ የሚቀመጡበት ስርጓዳ ላይ ይተኛል። ረዳቶቹ መቀመጫ ያጣሉ። በእነሱ ፈንታ ጂኑን የሚዘጉ ሌሎች ፕሮቲኖች ይመጣሉ። የጡት ሴል ላይ የሚሆነው ይሄ ነው።

ማህፀን ውስጥ ያሉት ረዳቶች ግን በመጠንም በዓይነትም ከጡቱ ይለያሉ። እዚያ ታሞክሲፈን የያዘውን ተቀባይም ቢሆን ተጠቅመው ጂኑን ያስነብባሉ። ስለዚህ አንዱ ኪኒን ጡት ላይ ፍሬን ነው፤ ማህፀን ላይ ቤንዚን ይሆናል። ያረጠች ሴት አጥንት ላይ ደግሞ እንደ ኢስትሮጅን ሆኖ አጥንቱ እንዳይሳሳ ያግዛል። ጸሐፊው ግጭት ያሉት ነገር ተቀባዩ መኖሩን ከሚያሳዩ ማስረጃዎች ዋናው ነው። ተቀባይና ረዳት የሚባል ነገር ባይኖር አንድ ኪኒን በየአካሉ እንዲህ የሚለያይበትን ምክንያት ማስረዳት አንችልም ነበር።

የቀረው የጉዳቱና የጥቅሙ ሚዛን ነው። በ2011 ከ20,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸው የብዙ ሙከራዎች ውጤት በአንድ ላይ ተጠንቶ ወጥቷል። ተቀባዩ ያለው ዕጢ ያላቸው ሴቶች ለ5 ዓመት ያህል ታሞክሲፈን ሲወስዱ በ15 ዓመት ውስጥ በጡት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው በሲሶ ገደማ ቀንሷል። ተቀባዩ በሌላቸው ላይ ጥቅም አልታየም። የማህፀን ካንሰር ጉዳቱ በዋናነት የሚታየው ከ55 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ ነው። ገና ላላረጡ ሴቶች ጭማሪው በጣም ትንሽ ነው። የደም መርጋትም አለ። ድንገት የሚመጣ ሙቀትና ላብ ደግሞ አብዛኞቹ ደንበኞቼ የሚያማርሩበት ነው፤ አቅልዬ አላየውም። እንቅልፍ ይነሳል፣ ሰው ፊት ያሳፍራል።

ስለዚህ የምለው ይሄንን ነው። ካረጣችሁ በኋላ ደም ካያችሁ፣ ጠብታም ቢሆን፣ በዚያው ሳምንት ሐኪም ጋ ሂዱ። አንድ እግር ለብቻው ካበጠ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ በዚያው ቀን። ኪኒኑ ካልተስማማችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ላረጡ ሴቶች እንደ ሌትሮዞልና አናስትሮዞል ያሉ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ። እነዚህ ተቀባዩን አይነኩም። ኢስትሮጅን ራሱ እንዳይመረት ነው የሚያደርጉት። የማህፀን ካንሰር ስጋት የላቸውም፤ በፈንታው አጥንት ያሳሳሉ። መለወጥ ይቻላል። ዝም ብሎ መተው ግን ሌላ ነገር ነው።

የአፍሪካ ሴቶች ተቀባይ የላቸውም የሚለው በጣም አናዶኛል። ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የኢስትሮጅንም፣ ፕሮጄስትሮን የሚባለው የሌላው የሴት ሆርሞንም ተቀባይ፣ ሄር2ም የሌለው የጡት ካንሰር በጥቁር ሴቶች ላይ ከነጮች ይልቅ ይበዛል። በተለይ ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ። ይበዛል ማለት ግን ሁሉም ማለት አይደለም። ደግሞ የእኛ አገር ቁጥር ራሱ አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የታከሙ 352 ሴቶችን ናሙና ያየ ጥናት በ2014 ታትሟል። የኢስትሮጅን ተቀባይ ያልተገኘባቸው 35 በመቶ ነበሩ። ከሦስት ሴቶች ሁለቱ ገደማ ተቀባዩ አላቸው ማለት ነው። ታሞክሲፈን የሚረዳቸው ሴቶች ማለት ነው። ጸሐፊው «ለእኛ አይሆንም» ብለው የመለሱት እነዚህን ነው።

እዚህ ላይ የቤቴን ነገር ልናገር። አክስቴ የጡት ናሙና የሰጠች ጊዜ ወረቀቷ ላይ ተቀባይ የለም ተብሎ መጣ። ታሞክሲፈን አልታዘዘላትም። በኋላ ዕጢው በቀዶ ሕክምና ሲወጣ እንደገና ተመረመረ። ተቀባዩ ነበረ፤ ያውም በብዛት። ሲጣራ የመጀመሪያው ናሙና ፎርማሊን በተባለው ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ሳይገባ አድሮ ነበር። የት እንደሆነ መናገር አልፈልግም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ከሰውነት የወጣ ሥጋ ወዲያው መበላሸት ይጀምራል። ተቀባዩም ፕሮቲን ነውና አብሮ ይበላሻል። ናሙናው በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት። እዚያም ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ መቆየት አለበት። ይህ ካልሆነ ያለው የለም ሊባል ይችላል። ናሙና ተሸክሞ ከአንድ ተቋም ወደ ሌላ የሚሄደው እኛ አገር ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ነው። እባካችሁ ዕቃው ውስጥ ያለው ፎርማሊን መሆኑንና ናሙናውን በደንብ መሸፈኑን ጠይቁ። ጸሐፊው ምርመራው ገንዘብ ማባከን ነው ከሚሉ ስለዚህ ቢጽፉ ስንት ሰው በተጠቀመ ነበር።

የመጨረሻው የጾሙ ነገር ነው። እኔም ጿሚ ነኝ። ስለዚህ በጾም ላይ የምናገረው ክፉ የለኝም።

ጸሐፊው የጠቀሱት የእድገት ሆርሞን አይጂኤፍ-1 የሚባለው ነው። ኢንሱሊንን ይመስላል። አብዛኛው የሚመረተው ጉበት ውስጥ ነው። ካንሰር እንዲያድግ ሊያግዝ መቻሉ እውነት ነው። ኢኳዶር ውስጥ ላሮን ሲንድሮም ያለባቸው አጫጭር ሰዎች አሉ። የእድገት ሆርሞን ተቀባያቸው ስለማይሠራ አይጂኤፍ-1 የላቸውም ማለት ይቻላል። 99 የሚሆኑትን ለ22 ዓመት የተከታተለ ጥናት በ2011 ወጣ። ካንሰር የያዘው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አልገደለውም። እንደ እነሱ ካልሆኑት ዘመዶቻቸው መካከል ግን 17 በመቶዎቹ ካንሰር ነበረባቸው። የሚገርም ነገር ነው። ጸሐፊው ቢጠቅሱት ያምርባቸው ነበር።

ግን እነዚያ ሰዎች ከመወለዳቸው ጀምሮ እንደዚያ ናቸው። አንድ ጊዜ ዕጢ ካበቀለ በኋላ በጾም አይጂኤፍን ማድረቅ ሌላ ጉዳይ ነው። ምክንያቱም አይጂኤፍ ደም ውስጥ ብቻውን አይዞርም። የሚይዙት 6 ዓይነት ፕሮቲኖች አሉ። ከሞላ ጎደል ሁሉም በእነሱ ተይዞ ነው የሚዞረው። ትልቁን ድርሻ የሚሸከመው ሦስተኛው ነው። የተያዘ አይጂኤፍ ተቀባዩ ጋ አይደርስም፤ የሚሠራው የተለቀቀው ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር በደም ውስጥ ያለው ጠቅላላ መጠን ብቻ ሳይሆን ዕጢው አጠገብ ስንቱ ተለቀቀ የሚለው ነው። ያዦቹን ፕሮቲኖች የሚቆርጡ ኢንዛይሞች አሉ። አባቶቻችን ለፕሮስቴት የሚለኩት ፒኤስኤ ራሱ ሦስተኛውን ያዥ የሚቆርጥ ኢንዛይም ነው። በጾም ሰዓት ኢንሱሊን ሲወርድ የመጀመሪያው ያዥ ፕሮቲን ይጨምራል። ይሄ እውነት ነው። ተበልቶ ኢንሱሊን ሲወጣ ግን መልሶ ይወርዳል።

ደግሞ ከጾም በጣም የጠነከረው ነገር ተሞክሯል። የአይጂኤፍ-1ን ተቀባይ ራሱን የሚዘጋ ፊጊቱሙማብ የሚባል አንቲቦዲ ተሠርቶ ነበር። በሳንባ ካንሰር ሕሙማን ላይ በትልቅ ሙከራ ከኬሞ ጋር ተሰጠ። ጥቅም ስላልታየ ሙከራው ተቋረጠ። ጉዳቱም በዝቶ ነበር። ለዚህ ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ ሴሉ የኢንሱሊን ተቀባይን እንደ ሁለተኛ በር መጠቀሙ ነው። በመድኃኒት ተቀባዩን በቀጥታ ዘግቶ ያልቆመ ካንሰር ቁርስ በመተው ይቆማል ማለት አይቻልም።

ስኳሩም ቢሆን እንዲሁ ነው። ስኳር መቀነስ ለማንም ጥሩ ነው። ነገር ግን ስኳር ባንበላም ጉበት ከፕሮቲን ግሉኮስ ይሠራል፤ ዕጢውም ከደም ይወስዳል። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ረጅም ጾም ሲጾም የሚጎዳው በፊት የራሱ ጡንቻ ነው። ክብደቱ የወረደ ሕመምተኛ ኬሞውን አይችለውም፤ ቀጠሮው ይራዘማል። የታመመ ሰው ከጾም ነፃ እንደሚሆን ደግሞ የንስሐ አባቶቻችን ራሳቸው ይነግሩናል።

እኚያ እናት በማግስቱ የምርመራ ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። አብረን አየነው። የኢስትሮጅን ተቀባይ አለ ይላል፤ ሄር2 የለም ይላል። ከፋርማሲው ሆነን ለሐኪማቸው ደወልን። ኪኒኑን እንዲቀጥሉና በሳምንቱ እንዲመጡ ነገሯቸው። ሲወጡ እሽጉን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ጸሐፊው ይህን ካነበቡት አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ከሌላው ሐሳብዎ ጋር መከራከር እንችላለን፤ ጊዜ አለን። «ኪኒናችሁን ዛሬውኑ አቁሙ» የሚለውን ግን ዛሬ ማታ ያውጡት። ያነበቡት ሰዎችም እንዲያውቁት እርማቱን በዚያው መንገድ ይላኩላቸው።